በኮሎምቢያ ወንዝ ሳልሞንን በድምፅ የመከታተል ታሪክ

1. መግቢያ

ዓሣ ከሰው ዐይን የተሰወረ ፍጥረት ነው። እረኛ ከብቱን፣ አዳኝም አውሬውን በዐይኑ ወይም በዱካው ሊከተል ይችላል፤ ዓሣ አጥማጅ ግን ዓሣው ከመረቡ ከገባ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት የት እንደ ነበረ፣ በየት በኩል እንደ መጣ፣ ስንት ቀንም እንደ ተጓዘ ለማየት አይችልም። በውሃ ውስጥ ዱካ አይቀርም።

ይህን ችግር ለማቃለል ከ1956 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ አንድ መሣሪያ አለ፤ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። መሣሪያው ባትሪ ያለውና በየጊዜው አጭር ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ በዓሣው ገላ ላይ ይታሰራል ወይም በሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ድምፁ ከሰው ጆሮ የመስማት ኃይል በላይ ስለ ሆነ ሃይድሮፎን በሚባል የውሃ ውስጥ ማዳመጫ ይደመጣል። ፈረንጆች አኩስቲክ ታግ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ድምፅ ሰጪ ምልክት» እንለዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን ታሪክ በተወለደበት ስፍራ፣ ማለት በሰሜን አሜሪካ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ፣ መመልከት ነው። ለማስረዳት የምንፈልገው ዋና ነገርም ይህ ነው፤ መሣሪያው የተፈለገው ለዕውቀት ፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ ወንዙ በግድብ በተዘጋ ጊዜ ዓሣው ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ግዴታ ስለ ሆነ ነው። ስለ ዓሣው መንገድ ብዙ አስተምሯል፤ በግድቡ ላይ የተነሣውን ክርክር ግን ብቻውን ሊቈርጠው አልቻለም። ምክንያቱን ከታሪኩ ውስጥ ለማሳየት እንሞክራለን።

2. ከመሣሪያው በፊት የነበረው ሁኔታ

በዓሣ ላይ ምልክት ማድረግ የቈየ ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወደ ባሕር በሚወርዱ ወጣት ሳልሞኖች ጅራት ላይ ጥብጣብ ወይም ክር እየታሰረ፣ ዓሦቹ ከባሕር ሲመለሱ በዚያው ስፍራ እንደ ተያዙ ይተርካል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይም የዴንማርኩ ሊቅ ዮሐንስ ፒተርሰን ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ ምልክት በሽቦ ከዓሣው ገላ ጋር እያያያዘ ወደ ባሕር መልቀቅ ጀመረ። አጥማጁ ምልክት ያለበትን ዓሣ ሲይዝ ለሊቃውንቱ ያስታውቃል።

ይህ ዘዴ ብዙ ጠቅሟል፤ ነገር ግን ስለ እያንዳንዱ ዓሣ የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የተለቀቀበትን ስፍራና የተያዘበትን ስፍራ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በሙሉ ግምት ነው። ከዚህም በላይ ዓሣው ምስክርነቱን የሚሰጠው ከሞተ በኋላ ነው።

የኮሎምቢያ ወንዝ ከካናዳ ተራሮች ተነሥቶ ወደ 2,000 ኪሎሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይገባል። የዚህ ወንዝ ሳልሞን በገባር ጅረቶች ጠጠር ውስጥ ይፈለፈላል፤ በወጣትነቱ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በባሕር ላይ ጥቂት ዓመታት አድጎ እንደ ገና ወደ ተወለደበት ጅረት ይመለሳል፤ በዚያም እንቍላሉን ጥሎ ይሞታል። ለመራባት ሲል ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ በአገራችንም አለ፤ በጣና ሐይቅ ከሚኖሩት የባርበስ ወገን ዓሦች አያሌዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። የሳልሞን ልዩነቱ ጉዞው ከጣፋጭ ውሃ ወደ ጨው ውሃና ከዚያም ተመልሶ ወደ ጣፋጭ ውሃ መሆኑ፣ ርቀቱም እጅግ የበዛ መሆኑ ነው።

ፈረንጆች በስፍራው ከመስፈራቸው በፊት በየዓመቱ ወደ ኮሎምቢያ ይመለስ የነበረው ሳልሞን ከ10 እስከ 16 ሚሊዮን እንደሚደርስ በ1986 ተገምቷል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተስፋፋው ዓሣን በቆርቆሮ የማሸግ ሥራ፣ የማዕድንና የእንጨት ቈረጣም ሥራ ቍጥሩን ቀንሰውት ነበር። ከዚያ በኋላ ግድቦች መጡ። የቦንቪል ግድብ በ1938 ሥራ ሲጀምር ዓሣው እየዘለለ የሚወጣበት በደረጃ መልክ የተሠራ የውሃ መተላለፊያ ተደርጎለት ነበር። በ1933 ተጀምሮ በ1942 ለተፈጸመው ለግራንድ ኩሊ ግድብ ግን መተላለፊያ አልተሠራለትም፤ ቁመቱ ወደ 168 ሜትር ስለሚደርስ ዓሣው በምንም መንገድ ሊያልፈው አይችልም። ስለዚህ ከዚያ በላይ ያለው ወንዝና ገባር ሁሉ ለሳልሞን ተዘጋ።

በቦንቪል በመተላለፊያው አጠገብ ቈጣሪዎች ተቀምጠው የሚያልፈውን ዓሣ ከ1938 ጀምሮ ይቈጥሩ ነበር። ቈጠራው ስንት ዓሣ እንዳለፈ ይነግራል እንጂ ስንት ዓሣ መግቢያውን ፈልጎ እንዳጣ፣ ስንት ቀን ከግድቡ ሥር እንደ ዋለ፣ ካለፈም በኋላ በትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ተመልሶ ወደ ታች እንደ ወደቀ አይነግርም። የሚፈለገው መልስ ግን በተለይ ይህ ነበር፤ መተላለፊያ የሚሠራ መሐንዲስ በሩን በየት በኩል ይክፈት?

3. በውሃ ውስጥ ያለ ድምፅ

ለዚህ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ የተገኘው ከዓሣ ጥናት ሳይሆን ከፊዚክስ ነው። በ1826 ስዊሱ ዳንኤል ኮላዶንና ሻርል ስቱርም በጄኔቫ ሐይቅ ላይ አንድ ፈተና አደረጉ። በአንድ ጀልባ ላይ ሆነው ከውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲደውሉ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ያቃጥላሉ፤ ከ13 ኪሎሜትር በላይ ርቆ በሌላ ጀልባ ላይ ያለው ሰው የባሩዱን ብልጭታ ካየበት ጊዜ ጀምሮ የደወሉ ድምፅ በውሃ ውስጥ እስኪደርሰው ድረስ ያለውን ጊዜ ይለካል። በዚህም ድምፅ በውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,435 ሜትር እንደሚሄድ አገኙ። በአየር ውስጥ የሚሄደው ወደ 340 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በውሃ ውስጥ ፍጥነቱ ከአራት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

በ1880 ደግሞ ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ድንጋዮች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚሰጡ ተመለከቱ። በኋላም ነገሩ ሲገለበጥ እንደሚሠራ ታወቀ፤ ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይርገበገባል፤ ሲርገበገብም ድምፅ ይሰጣል። ፖል ላንዥቫን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚህ ኳርትዝ እየተጠቀመ ወደ ባሕር ውስጥ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ የባሕር ሰርጓጅ መርከብን ለመፈለግ ሞከረ። ሶናር የሚባለው መሣሪያ መሠረቱ ይህ ነው።

የራዲዮ ሞገድ ለምን አልተመረጠም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የጨው ውሃ የራዲዮን ሞገድ ፈጥኖ ስለሚውጠው በባሕር ውስጥ አይጠቅምም፤ በወንዝም ቢሆን ጥልቀት ሲበዛ ይደክማል። ድምፅ ግን በሁለቱም ውሃ ይሄዳል። ከባሕር ወደ ወንዝ ለሚሸጋገር እንደ ሳልሞን ላለ ዓሣ የሚስማማው እንግዲህ ድምፅ ነው።

የቀረው ችግር የመሣሪያው ትልቅነት ነበር። የጦር መርከብ የሚሸከመውን ሶናር ዓሣ ሊሸከመው አይችልም። በ1947 ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ድምፅ ሰጪውን ከነባትሪው ዓሣ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ለመሥራት መንገድ ተከፈተ።

4. 1956 እና 1957

በአሜሪካ የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት ሠራተኛ የነበረው ፓርከር ትሬፌተን አንድን ዓሣ ለይቶ በድምፅ ስለ መከታተያ መሣሪያ የሚያስረዳ ዘገባ በ1956 አወጣ። በዘርፉ መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ዘገባ ነው። በ1957 ደግሞ በዚሁ መሣሪያ ትልልቅ ሳልሞኖች በቦንቪል ግድብ አካባቢ ተከታተሏቸው፤ የዚህን ሥራ ውጤት ጄምስ ጆንሰን በ1960 አሳተመ። አሠራሩ አድካሚ ነበር። አንድ ዓሣ ምልክት ተደርጎለት ይለቀቃል፤ ሰዎች በጀልባ ሆነው ማዳመጫውን ወደ ውሃው አስገብተው እያዞሩ ድምፁ በርትቶ የሚሰማበትን አቅጣጫ ይፈልጋሉ፤ ከዓሣው ኋላም ቀንና ሌሊት ይከተላሉ። ይህን ሁሉ የሚደክሙት ስለ አንድ ዓሣ ነው። ሆኖም በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ዐይን የተሰወረ አንድ ሕያው ዓሣ የሄደበት መንገድ በካርታ ላይ ተሣለ።

በዚሁ በ1957 በዚያው ወንዝ ላይ ሌላም ነገር ሆነ። ከቦንቪል በላይ ሴላይሎ የሚባል ፏፏቴ ነበር። የያካማ፣ የዩማቲላ፣ የዋርም ስፕሪንግስና የኔዝ ፐርስ ነገዶች ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ በዚያ ፏፏቴ አጠገብ ከዐለቱ ላይ የእንጨት መቆሚያ እየሠሩ፣ በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ መረብ ሳልሞን ያጠምዱ ነበር። ስፍራው የገበያና የዘመድ መገናኛም ነበር። ነገዶቹ በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል ሰፊ መሬታቸውን ሲለቁ፣ በለመዱት ስፍራ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ለራሳቸው አስቀርተዋል። መጋቢት ወር 1957 በ10ኛው ቀን የዘ ዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉ፤ ውሃውም ወደ ኋላ ተመልሶ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ፏፏቴውን ዋጠው።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መድረሳቸው አጋጣሚ ነው፤ ምክንያታቸው ግን አንድ ነው፤ እርሱም ግድቡ ነው። ሳልሞን በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዐለት ሥር እንደሚያልፍ በልምድ የሚያውቁ ሰዎች ያጠምዱበት የነበረው ስፍራ በጠፋበት ዓመት፣ ሊቃውንት ያንኑ ሳልሞን በመሣሪያ ለመከታተል ጀመሩ። የድምፅ ሰጪውን ምልክት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባዋል እንላለን።

5. ዘዴው ወደ ሌሎች ውሃዎች መስፋፋቱ

ዘዴው በኮሎምቢያ ተወስኖ አልቀረም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር አርተር ሃዝለር፣ ሳልሞን የተወለደበትን ጅረት የሚያውቀው በሽታው ነው የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ከዊዝቢ ጋር ሆኖ ዓሣ የጅረቶችን ሽታ እንደሚለይ በ1951 አሳትሞ ነበር። በ1970ዎቹ እርሱና ተማሪዎቹ ወጣት ሳልሞኖችን ሞርፎሊን የሚባል ኬሚካል እያሸተቱ እንዲያድጉ አድርገው ወደ ሚቺጋን ሐይቅ ለቀቋቸው። አድገው ሲመለሱ ድምፅ ሰጪ ምልክት አድርገውባቸው ሲከታተሉ፣ ሞርፎሊን ያደጉበት ዓሦች ኬሚካሉ በተጨመረበት ውሃ ሲደርሱ ጕዟቸውን ገታ አደረጉ፤ ያላደጉበት ግን ሳይቆሙ አለፉ። አንድ ዓሣ «የት ተያዘ?» ብቻ ሳይሆን «እዚህ ሲደርስ ምን አደረገ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በዚህ መሣሪያ ነው።

በእንግሊዝ አገር የሎስቶፍት የዓሣ ጥናት ጣቢያ ሊቃውንት፣ ግሪር ዎከር፣ ሃርደን ጆንስና አርኖልድ፣ ፕሌይስ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ በሰሜን ባሕር ተከታትለው ውጤቱን በ1978 አሳተሙ። ፕሌይስ ብርቱ ዋናተኛ አይደለም፤ ነገር ግን የባሕሩ ሙላት ወይም ጉድለት ወደሚፈልገው አቅጣጫ ሲፈስ ከወለሉ ተነሥቶ በውሃው መካከል ይሄዳል፤ ውሃው ሲገለበጥ ደግሞ ወርዶ በወለሉ ላይ ይተኛል። በዚህ ብልሃት በትንሽ ድካም ረጅም መንገድ ይጓዛል። በዉድስ ሆል ጣቢያ የነበረው ፍራንክ ኬሪ ደግሞ የሙቀት መለኪያ ያለበትን ድምፅ ሰጪ ምልክት በትልቁ የቱና ዓሣ ላይ አድርጎ፣ ዓሣው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ የገላው ሙቀት እንደማይወድቅ በ1973 አስረዳ።

እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ውጤቶች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም ከጥቂት ዓሦች ኋላ በመርከብ ወይም በጀልባ እየተከተሉ የተገኙ ናቸው። ስለ ግድብ የሚደረገው ክርክር ግን ስለ ጥቂት ዓሦች ጠባይ ሳይሆን ከመቶው ስንቱ እንደሚሞት ነበር።

6. የዝምታ ትርጕም

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሁለት ነገር አስፈለገ። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ቍጥር እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ይኸውም በድምፆቹ መካከል ያለውን ጊዜ በማለዋወጥ ይፈጸማል። ሁለተኛው፣ ሰው ዓሣውን በመከተል ፈንታ ማዳመጫዎችን በወንዙና በባሕሩ ወለል ላይ በመሥመር ተክሎ ዓሣው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ማዳመጫው የሰማውን ቍጥርና ሰዓት ይመዘግባል። በዚህ ዘዴ በአንድ ጊዜ በብዙ መቶ፣ ኋላም በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዓሣ ለመከታተል ተቻለ።

ዳሩ ግን ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ መጣ። በጀልባ የሚከተል ሰው ድምፁ ሲጠፋበት እንደ ጠፋ በጊዜው ያውቃል። በመሥመር የተተከለ ማዳመጫ ግን ዝም ቢል ዝምታው ብዙ ትርጕም አለው። ዓሣው ሞቶ ይሆናል፤ በሕይወት ሳለ ጉዞውን አቁሞ ይሆናል፤ ባትሪው አልቆ ይሆናል፤ ከግድቡ የሚወርደው ውሃ ጩኸት ድምፁን ሸፍኖት ይሆናል። ከዚህም የባሰው፣ ዓሣውን ሌላ ዓሣ ውጦት ምልክቱ በዋጪው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሲያልፍ ይሰማ ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው የሒሳብ ዘዴ በ1964 እና በ1965 ኮርማክ፣ ጆሊና ሴበር ከጻፉት የመጣ ነው። ሐሳቡን በቀላል ምሳሌ ለማስረዳት ይቻላል። ሁለት የማዳመጫ መሥመሮች በወንዙ ላይ አሉ እንበል። በታችኛው መሥመር 50 ዓሦች ተሰሙ፤ ከእነዚህ ውስጥ በላይኛው መሥመር ተሰምተው የነበሩት 45 ናቸው። አምስቱ ግን በላይኛው መሥመር ሳይሰሙ በሕይወት አልፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ ላይኛው መሥመር ከመቶ 90 ያህሉን ብቻ ይሰማል። በላይኛው መሥመር በጠቅላላው የተሰሙት 63 ከሆኑ በእርግጥ ያለፉት ወደ 70 ይሆናሉ። በዚህ መንገድ የመሣሪያው አለመስማት ከዓሣው ሞት ይለያል። ይሁን እንጂ ዘዴው ለመጨረሻው መሥመር አይሠራም፤ ከመጨረሻው መሥመር በታች የሚያርም ሌላ መሥመር የለምና።

በ2000 በተጀመረው የባሕር ሕይወት ቈጠራ ሥር የተቋቋመው የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ መከታተያ፣ ማዳመጫዎችን በባሕሩ ወለል ላይ እስከ አላስካ ድረስ በየስፍራው ተከለ። በዚህ መሥመር የተጠቀሙት ዴቪድ ዌልችና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ ግድብ ባለበት በኮሎምቢያና በስኔክ ወንዝ የሚወርዱትን ወጣት ሳልሞኖች፣ በዋናው ወንዙ ላይ ግድብ በሌለበት በካናዳው በፍሬዘር ወንዝ ከሚወርዱት ጋር አነጻጸሩ። በሕይወት የተረፉት መጠን በሁለቱ ወንዞች ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በ2013 የእነዚሁ ሊቃውንት ቡድን ስምንት ግድብ ያለፉትን ወጣት ዓሦች አራት ግድብ ብቻ ካለፉት ጋር በማነጻጸር፣ በባሕሩ ዳርቻ ላይ የመሞታቸው መጠን እንዳልተለየ አስታወቀ።

ግድቦቹን የሚደግፉ ሰዎች በዚህ ደስ አላቸው፤ ሌሎች ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። ክርክሩ የተነሣው በድምፁ ላይ ሳይሆን ድምፁ በማይደርስበት ነገር ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የነበረውን ምልክት ለመሸከም የሚችሉት ትልልቆቹ ወጣቶች ብቻ ነበሩ፤ በሰው እጅ በጣቢያ ያደጉ ናቸው። በዱር የተፈለፈለውና ትንሹ ዓሣ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛም፣ የፍሬዘር ወንዝ በራሱ ልዩ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል የሁለቱ መመሳሰል ግድቡ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

7. ከመቶ 96

ትንሹን ዓሣ ለመከታተል የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ከሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከሰሜን ምዕራብ ፓሲፊክ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጋር ሆኖ ከ2001 ጀምሮ ለወጣት ሳልሞን ብቻ የሚሆን መሣሪያ አሠራ። ይህ መሣሪያ በ416.7 ኪሎኸርትዝ ይሠራል። ድምፁ ከፍ ባለ ቍጥር የሚርገበገበው ክፍል ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ድምፅ በውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። በባሕር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የ69 ኪሎኸርትዝ ምልክት ርቆ ሲሰማ፣ የወንዙ ምልክት የሚሰማው ከቅርብ ነው። ለትንሽነት የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ኋላም በ2015 በወጣ ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ ርዝመቱ 15 ሚሊሜትር፣ ክብደቱም ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ የሆነና በመርፌ ወደ ዓሣው ሆድ የሚገባ ምልክት ተሠራ።

በ2008 የወጣው የመንግሥት ውሳኔ፣ በጸደይ ከሚወርዱት ወጣት ሳልሞኖች በእያንዳንዱ ግድብ ከመቶ 96፣ በበጋ ከሚወርዱትም ከመቶ 93 በሕይወት ማለፍ እንዳለባቸው አዘዘ። ትእዛዙ መፈጸሙ የሚለካውም በድምፅ ሰጪው ምልክት ነው። እዚህ ላይ ቍጥሩን ማስላት ያስፈልጋል። ከስኔክ ወንዝ ላይኛው ክፍል የሚነሣ ዓሣ ወደ ባሕር እስኪደርስ ስምንት ግድቦችን ያልፋል። በእያንዳንዱ ከመቶ 96 ቢተርፉ፣ ከስምንቱ በኋላ የሚተርፉት ከመቶ 72 ያህል ናቸው። ከመቶ 93 ቢሆን ደግሞ 56 ያህል ብቻ ናቸው። ከዚህም ጋር ይህ ሒሳብ የሚያጠቃልለው ግድቡን ሲያልፉ የሚሞቱትን ነው፤ በግድቦቹ መካከል ባለው በዘገመው ውሃ ውስጥ የሚበሉትንና በባሕር ውስጥ በኋላ የሚሞቱትን አይጨምርም። እንግዲህ እያንዳንዱ ግድብ ትእዛዙን ፈጽሞ ሳለ ዓሣው ሊያንስ ይችላል። በአንድ ግድብ ፊት ትንሽ የሚመስለው ቍጥር በወንዙ ርዝመት ሲባዛ ትልቅ ይሆናል።

8. መሣሪያው በዓሣው ላይ የሚያደርሰው ለውጥ

ማናቸውም መለኪያ የሚለካውን ነገር በጥቂቱ ይለውጣል። የምልክቱ ክብደት ከዓሣው ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ እንዳይበልጥ የሚል ልማድ ለብዙ ጊዜ ይሠራበት ነበር፤ በ1999 ግን አንዳንድ ሊቃውንት ልማዱ ለዓሣ ሁሉ እኩል የሚሠራ አለመሆኑን በፈተና አሳይተዋል። በ2012 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ደግሞ፣ በተርባይን ውስጥ እንደሚሆነው የውሃው ግፊት በድንገት ሲወርድ፣ በሆዱ ውስጥ ምልክት ያለበት ወጣት ሳልሞን ከሌለበት ይልቅ እንደሚጎዳ አስታውቋል። ይህ ከሆነ ግድቡ ዓሣን ምን ያህል እንደሚገድል የሚለካው መሣሪያ ራሱ ከሞቱ ድርሻ ይኖረዋል።

ሌላም አለ። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2015 እንዳስረዱት፣ ግራጫ የባሕር አቆስጣዎች የምልክቱን ድምፅ ሰምተው ዓሣው የተደበቀበትን ሣጥን ማግኘት ተምረዋል። ሻድ የሚባለው ዓሣም እስከ 180 ኪሎኸርትዝ የሚደርስ ድምፅ እንደሚሰማ በ1997 ታውቋል። ለእኛ ጆሮ ዝም ያለው ምልክት ለሁሉ ፍጥረት ዝም ያለ አይደለም።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን ለማጠቃለል፣ ድምፅ ሰጪው ምልክት ስለ ዓሣ ያለውን ዕውቀት ከሁለት ነጥብ ወደ ሙሉ መንገድ አሸጋግሮታል። ሳልሞን በሽታ እንደሚመራ፣ ፕሌይስ በባሕሩ ሙላት ተሳፍሮ እንደሚሄድ፣ መተላለፊያ በየት በኩል ቢከፈት ዓሣ እንደሚያገኘው በዚህ መሣሪያ ተረድተናል። በወንዙ ላይ የተሠሩ ብዙ መሻሻሎችም ከዚህ የተገኙ ናቸው።

ነገር ግን በ1957 በቦንቪል የተጀመረው ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በላይ ቈይቶም አልተዘጋም። በ2023 ታኅሣሥ ወር የአሜሪካ መንግሥት ከአራቱ ነገዶችና ከኦሪጎንና ከዋሽንግተን ግዛቶች ጋር ሳልሞንን ለመመለስ ተስማማ፤ በ2025 ሰኔ ወር ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ከዚህ ስምምነት ወጡ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለ ዓሣው የታወቀው ነገር አልተገለበጠም፤ የተገለበጠው ፈቃዱ ነው። ከመቶ ስንት ዓሣ እንደሚሞት ማዳመጫው ሊነግረን ይችላል፤ ከመቶ ስንት ቢሞት ይበቃል የሚለውን ግን ማዳመጫው አያውቅም። እርሱ የኤሌክትሪክ ኃይልን፣ የእርሻን ውሃ፣ የ1855ን ውልና የነገዶቹን ኑሮ በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ የሰው ፍርድ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት በእጁ የሚገባ ተማሪ አራት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ ምልክት የተደረገበት ዓሣ ስንት ነው? መጠኑስ ካልተደረገበት ጋር ይተካከላልን? የመጨረሻው ማዳመጫ የት ቆሟል? ከዚያ በታች ያለውንስ ኪሳራ የሚሸከመው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሊቃውንቱ በቍጥር ይመልሱለታል። አራተኛውን ለመመለስ ግን በወንዙ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል።